የመንገደኛ ውኃ፦ በደባርቅና በዳባት አደባባዮች የመጠጥ ውኃ ማቅረቢያ የመትከል ጉዳይ

የከተማ ውኃ አቅርቦት ዕቅድ የሚነሣው ከነዋሪው ቁጥር ነው። ቁጥሩ አንድ ሰው በቀን ሊያገኘው ከሚገባው የውኃ መጠን ጋር ይባዛል፤ በመንገድ ላይ ለሚባክነው የሚታሰበው ይታከልበታል፤ የጉድጓዱ አቅም፣ የማጠራቀሚያው መጠንና የቧንቧው ስፋት ከዚህ ስሌት ይወጣል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ ለከተማ ነዋሪ ደግሞ እንደ ከተማው የሕዝብ ብዛት ከ40 እስከ 100 ሊትር እንዲደርስ የተቀመጠው ግብ የዚህ አሠራር ምሳሌ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የነበራት ደባርቅ በዚያ መስፈርት ብትመዘን ለእያንዳንዱ ነዋሪዋ 50 ሊትር ይታሰብላት ነበር።

ስሌቱ ግን አንድ ሰፊ የሰዎች ክፍል ከሒሳብ ውጭ ያስቀራል። ይህም በከተማዋ ውሎ የሚመለሰው፣ ነገር ግን በከተማዋ ቤት የሌለው ሰው ነው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ፣ ከጎንደር ወደ አድርቃይና ወደ ትግራይ የሚዘልቀው መንገድ ማረፊያ ናት። ዳባትም በዚሁ መንገድ ላይ በጎንደርና በደባርቅ መካከል ትገኛለች። በገበያ ቀን እህል፣ በግና ማገዶ ይዞ ከዙሪያው ገጠር የሚመጣ ገበሬ፣ የዞን ቢሮ ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ፣ የመናኸሪያ ተሳፋሪ፣ የጭነት በቅሎ ነጂ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመላለስ ተማሪ በነዋሪነት አይቆጠሩም። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሰዎች በአደባባይ የመጠጥ ውኃ ማቅረብ ምን እንደሚጠይቅ ይመረምራል።

ቦኖ እና የመንገደኛ ቧንቧ

በኢትዮጵያ ከተሞች የሕዝብ ውኃ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቦኖ ነው። ቦኖ ግን በመሠረቱ የቤት ውኃ መቅጃ ነው። ተጠቃሚው ጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ከፍሎ ቀድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጀሪካን ያልያዘ መንገደኛ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ በደቂቃ 7.5 ሊትር ለሚያወርድ አንድ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዳይመደብ ይመክራል። ቧንቧው በቀን ለ8 ሰዓት ቢከፈት 3,600 ሊትር ይሰጣል፤ ይህም ለአንድ ሰው 15 ሊትር ቢታሰብ ለ240 ሰው ይበቃል። በዚሁ ፍጥነት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያስፈልጋል። አሥር ሰዎች ሁለት ሁለት ጀሪካን ይዘው በአንድ ቧንቧ ቢሰለፉ የመጨረሻው ሰው ቀድቶ የሚጨርሰው ከ53 ደቂቃ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ መከታተያ ፕሮግራም ደርሶ መልሱና ወረፋው ተደምሮ ከ30 ደቂቃ የሚያልፍን አገልግሎት ‹ውስን› ከሚለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል።

በአንጻሩ የመንገደኛው ፍላጎት እጅግ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የገበያ ቀን 5,000 ሰው ወደ ከተማ ገብቶ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ሊትር ቢጠጣ ጠቅላላው ፍጆታ 2,500 ሊትር ይሆናል። ይህ በቀን 50 ሊትር በሚለው መስፈርት የ50 ነዋሪዎች ድርሻ ብቻ ነው፤ አንድ የቦኖ ቧንቧ በቀን ከሚሰጠውም ያንሳል። የሚፈሰው ተጨምሮ እጥፍ ቢሆን እንኳ የ100 ነዋሪዎችን ድርሻ አያልፍም።

የሚያጥረው የቧንቧ አፍ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ቀርቦ፣ ጠጥቶ፣ ለሌላው ቦታ እስኪለቅ 15 ሰከንድ ቢወስድ 10,000 ጊዜ መጠጣት 41 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ይህን በስድስት የገበያ ሰዓታት ለማስተናገድ ሰባት አፍ ያስፈልጋል። በመናኸሪያው፣ በገበያው መግቢያና በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ ሦስት ሦስት አፍ ያላቸው ሦስት ማቅረቢያዎች ቢተከሉ ለጊዜያዊ ብልሽትም መጠባበቂያ ይኖራል። ስለዚህ ‹ነዋሪው ሳይጠግብ ለመንገደኛ ውኃ ከየት ይመጣል?› የሚለው ተገቢ ጥያቄ መልሱ ከሚገመተው ይልቅ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ቦታው፣ ንጽሕናውና ጥገናው ነው።

የሌሎች ከተሞች ልምድ

የአደባባይ መጠጥ ውኃ ታሪክ ከበሽታ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው በለንደን ብሮድ ስትሪት የነበረው የእጅ ፓምፕ የኮሌራ መነሻ መሆኑን አሳየ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1859፣ በዚያው ከተማ የመጀመሪያው ነጻ የሕዝብ መጠጫ ተመረቀ። በፓሪስ ሪቻርድ ዋላስ የተባለ ባለጸጋ ያሠራቸው መጠጫዎች እ.ኤ.አ. በ1872፣ በሮም ደግሞ ‹ናዞኒ› የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ1874 መተከል ጀመሩ።

ከእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ የቀድሞዎቹ መጠጫዎች በሰንሰለት የታሰረ የጋራ ኩባያ ነበራቸው፤ ኩባያው በሽታ እንደሚያዛምት ሲታወቅ በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1909 የጋራ ኩባያን ከለከለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት በርሜል አጠገብ የሚቀመጠው የጋራ ጣሳ የዚሁ ችግር ወንድም ነው። ሁለተኛ፣ የሮም መጠጫዎች ውኃ ያለማቋረጥ ያፈሳሉ፤ ይህ ውኃ በፈረቃ ለሚታደልበት ከተማ አይሆንም። ለደባርቅና ለዳባት የሚስማማው ሲጫኑት የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ የሚዘጋ፣ ውኃውን ወደ ጎን አዘንብሎ የሚያወጣና የጠጪው ከንፈር የቧንቧውን አፍ እንዳይነካ መከለያ ያለው ነው።

ምድሩና ከፍታው የሚጥሉት ግዴታ

የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተገነቡ ናቸው። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ዐለት ውስጥ ይሰርግና በንብርብሮቹ መካከል ውኃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ሲያጋጥመው በገደሉ ወገብ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ የምንጮቹ ጉልበት በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በሚያዝያና በግንቦት ይደክማል። ምንጭ ለማጎልበት የሚወሰደው ልኬት በጥቅምት ቢደረግ የተሳሳተ ተስፋ ይሰጣል፤ ዕቅዱ በግንቦት ልኬት ላይ መመሥረት አለበት።

ቁልቁለቱም የራሱ ሕግ አለው። ውኃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት የ1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። እስከ 10 ባር እንዲችል የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ከ100 ሜትር በላይ ቁልቁለት ቢዘረጋበት ውኃው በቆመ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ከደባርቅ በሊማሊሞ በኩል እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ስለሚያልፍ፣ በዚያ መንገድ ዳር ለሚተከል መጠጫ ከቅርብ ምንጭ መጥለፍ ወይም በየደረጃው ግፊት መስበሪያ ገንዳ መሥራት ግድ ይላል።

ከፍታው በፓምፕ ላይም ጫና አለው። በባሕር ወለል ላይ ያለ ሳቢ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ገደማ ወደ ላይ መሳብ ሲችል፣ በ2,850 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በመቀነሱ ይህ ወደ 7.3 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በዚሁ ምክንያት ውኃ በደባርቅ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ አካባቢዎች ውኃ ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በፓርኩ ውስጥ እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ከመሬት በላይ የተጋለጠ ቧንቧ በበጋ ሌሊት ውርጭ ሊጎዳ ስለሚችል መቀበር ወይም መሸፈን ይኖርበታል።

የውኃው ንጽሕና

የመንገደኛ ውኃ ከቤት ውኃ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የቤት ውኃ ቢበከል የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው፤ የአደባባይ ውኃ ቢበከል ግን በሽታው በአንድ ቀን ወደ ብዙ ቀበሌዎች ይበተናል። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ፣ ከየአካባቢው ምእመናን በሚሰበሰቡበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተከሠተው የኮሌራ ወረርሽኝ መንገደኛ የሚበዛበት ስፍራ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሲያጥረው ምን እንደሚደርስ አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በክሎሪን የታከመ ውኃ በመቅጃው ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። በፈረቃ በሚታደል መሥመር ይህን መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ውኃው ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ በስንጥቁ በኩል ከዙሪያው አፈር ቆሻሻ ሊስብ ይችላል፤ ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ይኸው ነው። ስለዚህ መጠጫው በቀጥታ ከመሥመሩ ጋር ከሚያያዝ ይልቅ የራሱ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢኖረው ይመረጣል። የመጀመሪያው ውኃ ይደፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሮቶውን ይሞላል፤ ክሎሪን ተጨምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ይከፈታል።

ከመጠጫው የሚፈሰው ውኃም መንገድ ያስፈልገዋል። ጭቃ የከበበው ቧንቧ ውኃው ንጹሕ ቢሆንም ሰው ይሸሸዋል። ፍሳሹ በተነጠፈ ቦይ ተመርቶ ራቅ ባለ ገንዳ ለበቅሎና ለአህያ መጠጫ ቢውል የጭነት እንስሳት ወደ ሰዎቹ ቧንቧ እንዳይጠጉ ይረዳል።

ማን ይከፍላል? ማን ይጠግናል?

መንገደኛን ለአንድ ጉርሻ ውኃ ማስከፈል አሰባሳቢ ሠራተኛ ስለሚጠይቅ ወጪው ከገቢው ሊበልጥ ይችላል። የተሻለው መንገድ መጠጫው ላይ ቆጣሪ ተተክሎ ሒሳቡ በወሩ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። በዚህ አሠራር የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ያቀረበው ውኃ ዋጋ አይቀርበትም፤ ቆጣሪው በድንገት ሲያሻቅብም ብልሽት መኖሩ ይታወቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ወጪውን ከገበያና ከመናኸሪያ አገልግሎት ገቢው ቢሸፍን፣ ውኃውን የሚጠጣው ገበያተኛ ራሱ በተዘዋዋሪ ከፋይ ይሆናል።

ይሁንና አንድ ቅድመ ሁኔታ መዘንጋት የለበትም። በአቅራቢያው ያለው ቦኖ ደርቆ የመንገደኛው መጠጫ ውኃ ቢኖረው ጀሪካን የያዘች እናት ወደዚያው መምጣቷ የማይቀር ነው። አፉን ጀሪካን እንዳያስገባ አድርጎ መሥራት ውኃ ቀጂዋን ያርቃት እንደሆነ እንጂ ችግሯን አይፈታም፤ ውሎ አድሮም ቧንቧው ይሰበራል። ስለዚህ መጠጫ ሲታቀድ የአካባቢው ቦኖም አብሮ መታየት አለበት። ይህ ጥያቄ በተለይ ለዳባት ቅርብ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ሁለቱ ከተሞች ገብተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት ወረዳ ለኤርትራውያን ስደተኞች የአለምዋጭ ጣቢያ ተከፍቷል። ነዋሪ፣ ተፈናቃይና ስደተኛ በአንድ አካባቢ የውኃ ሀብት ላይ በሚተማመኑበት ቦታ ማን እንደተቆጠረና ማን እንዳልተቆጠረ የሰላም ጉዳይም ነው።

ለምርምር የተከፈቱ ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውኃ ለኢትዮጵያውያን እንዲዳረስ የሚጣር መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው ሰውን በቤቱ ያለ ነዋሪ ብቻ አድርጎ አልወሰነም። ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ ግን መረጃ ያስፈልጋል፤ መረጃውን ለመሰብሰብም አካባቢው የተሻለ ዕድል አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ ያካሂዳል፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት።

መጀመሪያ መመለስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። በገበያና በአዘቦት ቀን በከተሞቹ መግቢያዎች ስንት ሰው ይገባል? መንገደኛው ዛሬ ውኃ የሚያገኘው ከየት ነው፤ ከሻይ ቤት፣ ከዘመድ ቤት፣ በተለምዶ ‹ሃይላንድ› ከሚባለው የታሸገ ውኃ ወይስ ካልታከመ ምንጭ? በግንቦት ወር በፈረቃ በሚታደለው መሥመር ጫፍ ያለው ቀሪ ክሎሪንስ ምን ያህል ነው? ሦስቱም በጥቂት ቆጣሪዎች፣ በአጭር መጠይቅና በቀላል መለኪያ ሊመለሱ ይችላሉ። ከላይ ለምሳሌ የተወሰደው 5,000 ሰው በእውነተኛ ቆጠራ ሲተካ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስንት አፍ ያለው መጠጫ የት ቦታ እንደሚተክል በግምት ሳይሆን በስሌት ይወስናል፤ እስከ ዛሬ በየትኛውም መዝገብ ያልገባው መንገደኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማዋ የውኃ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።