ስለ ፈጣን ኢንተርኔት ገበያና ስለ ባለ ገንዘቦች ግምት

ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ ድረስ በየሱቁ መስኮት የቴሌብር ቁጥር ተለጥፎ የሚያይ ሰው፥ ከሃያ ዓመት በፊት «ሕዝቡ ፈጣን ኢንተርኔት ምን ሊያደርግለት?» ይባል እንደ ነበር ለማመን ይቸግረዋል። ሸማቹ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መገመት የነጋዴ ሁሉ ጭንቀት ነውና፥ ይህ ግምት እንዴት እንደ ተሳተ መመርመሩ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በስልክ መስመር በመደወል የሚሠራ ስለ ነበረ፥ ኢንተርኔቱ ሲከፈት ስልኩ ይያዛል። እኔም በመገናኛ አጠገብ በአንድ የአስመጪ ቢሮ ጸሓፊ ሳለሁ፥ የአንድ መርከብ ጭነት ሰነድ ቅጂ እስኪወርድ ረፋዱ ያልቅ፥ በዚያው መካከል የደወለው ደንበኛ ሁሉ መስመሩን ተይዞ ያገኘው ነበር። አሠሪዬ «ልጄ፥ ዕቃው ሳይደርስ ገዢው ሄደብን» ይሉኝ ነበር። ብሮድባንድ የሚባለው ፈጣኑ መስመር በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ግን ክፍያው ለባንክና ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለባለ ሱቅ አቅም የሚሆን አልነበረም። ስለዚህም ተመዝጋቢው ጥቂት ሆነ፤ ጥቂት በመሆኑም ፈላጊ የለውም ተባለ። ይህም ስኳር በእጥፍ ዋጋ አቅርቦ ሳይሸጥለት ሲቀር «የሠፈሩ ሰው ጣፋጭ አይወድም» እንደሚል ባለ ሱቅ ያለ አነጋገር ነው። ፈላጊውስ በየኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይታይ ነበር፤ በዲቪ ወራት የነበረውን ግፊያ ያየ ይመስክር።

ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፥ የብሮድባንዱን በ54 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ 212 ሺህ ያህል የነበረው የብሮድባንድ ደንበኛ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከ500 ሺህ አለፈ። በነዚሁ ሁለት ዓመታት የመደበኛ ስልክ ደንበኛ ከ980 ሺህ ወደ 885 ሺህ ገደማ መውረዱ ደግሞ ሊስተዋል ይገባል።

የውጭ ባለ ገንዘቦችም ቢሆኑ በአንድ ሐሳብ አልተገኙም። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ለሁለት አዲስ ፈቃዶች ጨረታ ሲያወጣ ዋጋ ያቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር፥ ኤም ቲ ኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ገበያው አንድ፥ ሕዝቡም አንድ ሆኖ ሳለ፥ በግምታቸው መካከል የ250 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ነበረ። ፈቃዱን ያገኘው የመጀመሪያው ሲሆን፥ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ደንበኛ አላጣም፤ ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በብር እየሰበሰበ በዶላር መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ምን እንደ ደረሰበት ለአስመጪ ማስረዳት አያሻም።

የአገር ውስጡ ገንዘብ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል፥ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በአገልግሎቱ ቀን ከሌት የሚጠቀም ነጋዴ አክሲዮኑን ለምን ተወው? አንድ የሾላ እህል ነጋዴ «ገንዘቤ በዕቃ ላይ ሲሆን በዓመት ሦስት ጊዜ ይዞርልኛል» ብለውኛል፤ መልሱ አጭር ቢሆንም በእኔ አስተያየት በቂ ነው።

ሰሞኑን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፥ ከእንጦጦ ዕንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በሚያልፉበት ዳገት ያሉ ሦስት ባለ ሱቆችን፥ እስከ ዛሬ በሞባይል ዳታ የሚሠሩትን፥ ገመዱ ቢዘረጋላችሁ ትገቡበታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለቱ ወርኃዊ ክፍያው ስንት እንደ ሆነ መልሰው ጠየቁኝ። ሦስተኛው ግን መብራት ሲጠፋ ይሠራ እንደ ሆነ ማወቅ ፈለገ።