የቤሌም ግንብ፤ የሊዝበን የወንዝ በር ጠባቂ

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በታጉስ ወንዝ ወደ ሊዝበን የሚገባ መርከብ፣ ወደቡ ከመድረሱ በፊት በስተግራው አንድ ነጭ ግንብ ያልፋል። የቤሌም ግንብ ይባላል። ጎብኚ ቀድሞ የሚያየው ጌጡን ነው፦ በረንዳውን፣ ትንንሽ ጉልላቶቹን፣ በገመድ አምሳል የተፈለፈለውን ድንጋይ። ግንቡ የቆመው ግን ለመድፍ ነው፤ ይህን የያዘ ሰው የሕንጻውን ቅርጽ በቀላሉ ይረዳዋል።

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ህንድ ከደረሰ በኋላ፣ የምሥራቁ ቅመማ ቅመም በዚህ ወንዝ ይገባ ጀመር። ሀብት ያለበት ወደብ ጠላትም ይጠራል። ቀደም ሲል ንጉሥ ዳግማዊ ዦአዎ የወንዙን አፍ ከሁለቱም ዳርቻ በመድፍ ለመዝጋት አቅደው ነበር። ዕቅዱን ከዳር ያደረሱት ተተኪያቸው ቀዳማዊ ማኑኤል ናቸው። ግንባታው በ1514 ገደማ ተጀምሮ በ1519 ተጠናቀቀ፤ የመራውም ፍራንሲስኮ ደ አሩዳ ነው።

ግንባታው በተጀመረበት ሰሞን፣ በ1514፣ የኢትዮጵያዋ የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን ገብቶ ደብዳቤያቸውን ለንጉሥ ማኑኤል አቀረበ። እቴጌይቱ የፈለጉት ከፖርቱጋል ጋር በባሕር ኃይል መተባበርን ነበር። በማግስቱ ዓመት ማቴዎስ ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር በመርከብ የመልስ ጉዞውን ጀመረ። የኢትዮጵያና የፖርቱጋል ወዳጅነት የተጠነሰሰው ይህ ግንብ ከመሠረቱ ብቅ በሚልበት ዘመን ነው።

ሕንጻው የሁለት ዘመን ጥምር ነው። ከኋላ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም ባለ አራት ማዕዘን ግንብ አለ። የአዛዡ ክፍል፣ የንጉሡ አዳራሽና ጸሎት ቤቱ በላይ በላዩ ተደርድረውበታል፤ የሚያገናኛቸውም ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ይህ ከፍ ብሎ ጠላትን ማየት ዋና ነገር በነበረበት ዘመን የተለመደው አሠራር ነው። ከፊቱ ደግሞ ወደ ወንዙ የገባ፣ ስድስት ጎን ያለው ዝቅተኛ ምሽግ ተዘርግቷል። አዲሱ ነገር ይህ ነው። በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ 17 የመድፍ መስኮቶች ተከፍተዋል።

መስኮቶቹ ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። ከረጅም ግንብ ጫፍ ቁልቁል የተተኮሰ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ከዝቅታ የተተኮሰው ግን የውኃውን ገጽ ታክኮ ይበርና የመርከቡን ጎን ከውኃው መስመር አጠገብ ይመታል፤ በዚያ የተከፈተ ቀዳዳ መርከቡን ያሰጥማል። ባሩድ ሲነድ የሚነሳው ጭስ ተኳሾቹን እንዳያፍናቸው፣ የምሽጉ መካከል ወደ ሰማይ ክፍት ሆኖ ተሠራ። ጌጡም ቢሆን ዘመኑን ይናገራል፦ በ1515 ከህንድ ሊዝበን የገባው አውራሪስ ከአንዱ የጥበቃ ማማ ሥር ጭንቅላቱ ተቀርጾ ይገኛል።

በ1580 የስፔኑ የአልባ መስፍን ሊዝበንን ለመያዝ ሲነሳ ሠራዊቱን ካሽካይሽ ላይ አውርዶ በየብስ ገሰገሰ። ለመርከብ የተዘጋጀው ግንብም እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ እስር ቤት፣ ጉምሩክና የመብራት ማማ ሆኖ አገልግሏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ታደሰ፤ በ1983 ደግሞ ከጎረቤቱ ከዤሮኒሞስ ገዳም ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ሊዝበን የሚሄድ ወገን ወደ ላይኛው በረንዳ ከመውጣቱ በፊት የመድፎቹን አዳራሽ ይጎብኝ። የአሩዳ ትልቁ ብልሃት እዚያ ነው፦ የመድፍ ኃይል በሕንጻው ቁመት ሳይሆን በጥይቱ መንገድ እንደሚለካ ቀድሞ ተረድቶ፣ ያንን በድንጋይ ሠርቶ አሳይቷል።