ቆራሌው ዝም ያለ ቀን

ማስታወቂያ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ አደባባይ ቢልቦርድ ይሮጣል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የማደንቀው፣ ጆንያውን በትከሻው አንግቶ አዲስ አበባ ውስጥ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ መንደሩን የሚያዳርሰውን የቆራሌውን ጥሪ ነው። ሥራው ይታወቃል፦ ያረጀ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጫማና የተበላሸ ዕቃ ከየቤቱ እየገዛ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጣል። «ልዋጭ» ባዩ ደግሞ በገንዘብ ፋንታ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል።

ጥሪው ለምን ይደነቃል? ብዙ ነጋዴዎች አጥብቀው የያዙት አንድ የተሳሳተ እምነት ስላለና ጥሪው ከዚያ ስሕተት ነፃ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ሰው ያየው ወይም የሰማው ማስታወቂያ ሁሉ ሠርቷል ብለው ያምናሉ። ደንበኛው መጣ፣ ማስታወቂያውንም አይቶ ነበር፣ ስለዚህ ያመጣው ማስታወቂያው ነው ይላሉ። ሰውየው ማስታወቂያው ባይኖርስ አይመጣም ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ይህን ጥያቄ በተግባር ፈትኖታል። የድርጅቱን ስም ጽፈው ለሚፈልጉ ሰዎች ከላይ ብቅ እንዲል ይከፍልበት የነበረውን ማስታወቂያ በያሁና በማይክሮሶፍት መፈለጊያዎች ላይ አቆመው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ በማስታወቂያው ይገባ ከነበረው ጎብኚ 99.5 ከመቶ የሚሆነው እዚያው ከታች ባለው፣ በማይከፈልበት ውጤት በኩል ገባ። ገንዘቡ ሲወጣ የኖረው አስቀድሞ መንገድ ለጀመረ ሰው ነበር ማለት ነው።

እኛም ዘንድ ይኸው ይታያል፤ 18 ማዞሪያ ቆማችሁ ወያላውን ስሙት። «ቤተል! ቤተል! ሁለት ሰው!» ይላል። ድምፁ ያስፈልጋል፤ በግፊያው መሐል ታፔላ ማንበብ ላልቻለ ሰው ታክሲውን ይጠቁማል፣ ክፍት ቦታ መኖሩንም ይናገራል። ይሁንና ቤተል የሚሄደው ሰው ወያላው ባይጣራም ቤተል መሄዱ አይቀርም። አጠና ተራም እንዲሁ ነው፤ ቤት የጀመረ ሰው ማንም ሳይጠራው ይሄዳል፣ የተቆለለው አጠና ራሱ ከሩቅ ይታያል።

ቆራሌው ግን ዝም ያለ ቀን ምንም አይገዛም። የተሰበረ ምጣድ ይዞ ቆራሌ ፍለጋ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። ሽያጩ ከነሐሳቡ የሚወለደው ከጥሪው ነው። አንድ ማለዳ ቤተል ውስጥ ለውስጥ ስሄድ ቆሜ ያየሁት ይኸንኑ ነው። ቆራሌው ልጅ «ቆራሌው» ብቻ ብሎ አላለፈም፤ «ያረጀ ጫማ፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ባትሪ» እያለ ዘረዘረ። አንዲት እናት የግቢያቸውን በር ከፈት አድርገው ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ባትሪ ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ፣ የመኪናም ይሁን የሌላ።»

«ቆይ እስቲ፣ ከቆጡ ሥር አንድ አለ መሰለኝ።»

ልብ በሉ፣ ሴትየዋ ሻጭ የሆኑት «ባትሪ» የሚለውን በሰሙበት ቅጽበት ነው። «ቆራሌው» ብቻ ብሎ ቢያልፍ በሩ አይከፈትም ነበር።

የሬዲዮ ማስታወቂያ አሠራሩ ሌላ ነው። ሮበርት ዛዮንትስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ትርጉሙን ባያውቅ እንኳ፣ ወደ መውደድ ያዘነብላል። የሬዲዮ ዜማ ኃይሉ ይኸው መለመድ ነው፤ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ስንቆም የምናውቀው ስም ላይ እጃችን ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ማስወጣቱን የምደግፈውም ለዚህ ነው፤ በድግግሞሽ የሚለመደው ነገር ተመርጦ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚታመነው ግን የሰው ምክር ነው። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2015 በ60 አገሮች ባወጣው የመጠይቅ ውጤት፣ ከመላሾቹ 83 ከመቶ የሚሆኑት የሚያውቁት ሰው የመከራቸውን እንደሚያምኑ ተናግረዋል። ጎረቤት «እዚያ ጋ ግዢ» ካለች የትኛውም ተዋናይ አይረታትም።

የቆራሌውን ዝርዝር ሳስብ፣ በራቸው ላይ ሞንታርቦ ደቅነው ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ የሚለቁ ባለሱቆች ያሳዝኑኛል። አላፊ አግዳሚው ምን እንደሚሸጡ አይሰማም፣ የገባው ደንበኛም ዋጋ ለመጠየቅ መጮህ አለበት። በቴሌግራም ጫማ ለጥፈው «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ገዢው የመጣው ዋጋውን ሊያውቅ ነው፤ ለምን በር ላይ ታቆሙታላችሁ? ቆራሌው እንኳ ምን እንደሚገዛ ሳይደብቅ ይዘረዝራል።

ጥሪው የማይሠራበት ቦታም አለ። ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው «ባትሪ» የሚለውን ሰምቶ፣ ዕቃውን ፈልጎ፣ ደረጃውን እስኪወርድ ቆራሌው ሌላ ብሎክ ደርሷል። ብልሆቹ እዚያ ሲገቡ እየተራመዱ አይጣሩም። በሕንፃዎቹ መሐል ባለው ሜዳ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ዝርዝሩን ቀስ ብለው ይደግሙታል፤ ከዚያም ጆንያቸውን መሬት ላይ አኑረው የሚወርድ ሰው ይጠብቃሉ።