«ሀገርህ የት ነው?» ሲባሉ ለሚቸገሩ ልጆቻችን
በሁለት ባህል መካከል ያደጉ ተማሪዎችና ማኅበራቸው



አዲስ አበባን የሚያውቁ ከሆነ እስቲ በሐሳብዎ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይምጡና ትንሽ ይቁሙ። በአንድ በኩል ከዐድዋ ድል በኋላ መሠረቱ የተጣለው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። በመካከል እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው፣ በ1936 ኢጣልያኖች ነቅለውት በ1941 ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቆሟል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2024 የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። የኢትዮጵያዊነት ማዕከል የሚባል ስፍራ ቢኖር ይህ ነው። የሰፈሩ ስም ግን «ፒያሳ» ነው፤ በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ጣልያኑ ከአገሬው ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ ያሳደገበት ሰፈር ነው።

አሁን አንድ ወጣት አጠገብዎ ቆሟል እንበል። መልኩ የእኛው ነው፤ ስሙም የእኛው ነው። ነገር ግን ያደገው በውጭ አገር ነው። ገና አፉን ሲከፍት፣ «አንተ ልጅ፣ ሀገርህ የት ነው?» ይሉታል። ልጁ ዝም ይላል። መልስ ስለሌለው አይደለም፤ መልሱ ከአንድ በላይ ስለሆነበት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች፣ በተለይም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ስለሚያቋቁሟቸው የተማሪ ማኅበራት ነው። የእርስዎ ልጅ፣ የወንድምዎ ልጅ ወይም በእሑድ አምልኮ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ያ ዝምተኛ ወጣት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላልና እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

«ሦስተኛ ባህል» ምንድን ነው?

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩት ዩሲም የተባሉ አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ከባለቤታቸው ከጆን ዩሲም ጋር ወደ ሕንድ ሄደው፣ በዚያ የሚኖሩ አሜሪካውያንን ኑሮ አጠኑ። የዲፕሎማቶችን፣ የሚሲዮናውያንንና የነጋዴዎችን ልጆች ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ልጆቹ ሙሉ በሙሉ እንደ ወላጆቻቸው አይደሉም፤ እንደ ሕንዶቹም አይደሉም። በመካከል የራሳቸው የሆነ አኗኗር አላቸው። ስለዚህ «የሦስተኛ ባህል ልጆች» ብለው ጠሯቸው። የመጀመሪያው የወላጆች ባህል ነው፤ ሁለተኛው የሚኖሩበት አገር ባህል ነው፤ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚኖሩ ሰዎች በጋራ የሚያበጁት ነው።

በ1999 ዴቪድ ፖሎክና ሩት ቫን ሪከን በዚሁ ርዕስ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን በብዙ አገር እንዲታወቅ አደረገ። እነርሱ እንደሚሉት እንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉም ባህል ጋር ይወዳጃል፣ አንዱንም ግን ሙሉ በሙሉ «የእኔ» ለማለት ይቸገራል። ከሁሉ ይልቅ እንደ ቤቱ የሚሰማው የእርሱን የመሰለ አስተዳደግ ካለው ሰው ጋር ሲገናኝ ነው። አባትና እናቱ ከሁለት አገር የሆኑ፣ የስደተኛ ልጆች፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተመላለሱ ልጆችም ብዙውን ነገር ይጋራሉ።

ይህ አስተዳደግ በረከት አለው። ልጁ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ ነገሮችን ከብዙ አቅጣጫ ያያል፤ ሰውን በመልኩና በወገኑ አይንቅም። ደግሞም ቁስል አለው። ደጋግሞ ከጓደኛ፣ ከሰፈር፣ ከትምህርት ቤት ተለይቷል፤ ስለ ጠፋውም ነገር «አይዞህ፣ ምን ሆንክ?» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ወደ ወላጆቹ አገር ሲመለስ ነው። መልኩ እንደ ሰው ሁሉ ስለሆነ ማንም እንግዳ ነው ብሎ አያስብለትም። ነጭ ሰው በአማርኛ «ሰላም» ሲል እናጨበጭባለን፤ የእኛ ልጅ ግስ ሲሳሳት ግን እንስቃለን። እንግዳነቱ በመልኩ የተሸፈነበት ሰው ከሌላው እንግዳ ይልቅ ይደክማል።

ማኅበሩ ለምን በዩኒቨርሲቲ ይጀመራል?

ልጅ በወላጆቹ ቤት ሳለ ጥያቄውን ቤቱ ይሸከምለታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ብቻውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ፣ «ከየት ነህ?» የሚል ነው።

ለምሳሌ ቢንግሃም አካዳሚን እንመልከት። በ1946 እ.ኤ.አ. በሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተ፣ የሚሲዮናውያን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ያደገ ልጅ ፓስፖርቱ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ነው፤ ትዝታው ግን የክረምት ዝናብ፣ የእንጀራ ሽታና የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ነው። ለኮሌጅ ወደ «አገሩ» ሲሄድ በዚያ እንግዳ ይሆናል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በቴይለር ዩኒቨርሲቲ የሚሲዮናውያን ልጆች የሆኑ ተማሪዎች ተሰባስበው «ሙ ካፓ» የተባለ ማኅበር የጀመሩት ስለዚህ ነው። ስሙ «የሚሲዮናውያን ልጆች» ለሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት የግሪኩን አቻ ወስዶ የተሠራ ነው። ማኅበሩ ከዚያ ወደ ሌሎች ክርስቲያን ኮሌጆች ተስፋፋ።

የእኛም ልጆች በውጭ አገር ይህንኑ ያደርጋሉ። በሰሜን አሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ እየሰማ፣ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ በዚያ ቡና ሲፈላ ሲያይ ሳይገለጽለት ሁሉ ነገር ይገባዋል። እዚያ ማንም «አማርኛህ ተሰባበረ» አይለውም፤ የሁሉም ተሰባብሯልና!

አራዳ ያሳደጋቸው

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልዎ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው አዩአቸው፤ ወደ አዲስ አበባም አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ልብ ይበሉ፤ ያ ትውልድ ቆሞ የዘመረው መዝሙር ዜማ ከስደተኛ እጅ የወጣ ነበር።

ከዚሁ የአርመን ማኅበረሰብ የዘር ሐረግ ካላቸው አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በ1937 አዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያንም በለንደንና በፓሪስ ተምሮ፣ ከአገራችን ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆኖ በ2003 አረፈ።

ሁሉም ግን እንዲህ እጅ የዘረጋለት አልነበረም። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት በ1937 ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ በ1940 ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ እንዳያውቀው አገደ። ልጆቹ በእናታቸው እጅ ቀሩ። ሁለት ባህል ያለው ልጅ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ዘመን ነበር።

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት አለ። በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የሚታሰቡበት ነው። ከጦርነቱ በኋላ አባቶቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ፣ «የወጣቶች ደሴት» ወደምትባለው ተልከው በዚያ አደጉ፤ ተማሩ። ሲመለሱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆነው ነበር። እስከ ዛሬ «ኢትዮ-ኩባውያን» ይባላሉ።

ሁለት የመቅደላ ልጆች

ሰው የሚያገኝና ሰው የሚያጣ ልጅ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማየት ሁለት ልጆችን እናስተያይ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ሁለቱም ተወሰዱ። አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። በእንግሊዝ አገር አደገ፤ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ እስከ ዛሬ በዊንድዘር ነው፤ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄም በ2023 ተቀባይነት አላገኘም።

ሁለተኛው ወርቅነህ እሸቴ ነው። በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ በሕንድ አደገ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ሐኪም ሆነ፤ በበርማም ሠራ። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲመጣ አማርኛ አይችልም ነበር። ነገር ግን አያቱ በልጅነቱ የነበረውን ጠባሳ አይተው፣ «ልጄ ነው» አሉት። ቋንቋውን እንደ ገና ተማረ። ሐኪም ወርቅነህ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ በኢጣልያ ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። እንግሊዝኛቸውና በባዕድ አገር ማደጋቸው ያን ጊዜ የአገር መሣሪያ ሆነ። አያትየው ግን አማርኛውን አልፈተኑም፤ መጀመሪያ ልጄ አሉ።

በወንጌላውያን ታሪክ

እኛም የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን በእጃችን ስንይዝ የእንዲህ ያለ ሰው ፍሬ ይዘናል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ በምፅዋ ነፃ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ በስዊድንም ቆየ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከእርሱ ጋር የደከመችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ነበረች። በብዙ ባህል መካከል መገኘታቸው ያመጣባቸው ሥቃይ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ለሕዝባቸው ድልድይ አደረጋቸው።

ቃሉም በእነዚህ ሰዎች የተሞላ ነው። ሙሴን እናቱ ዕብራዊት አጠባችው፣ የፈርዖን ልጅ አሳደገችው፤ በምድያም «ግብፃዊ» ተባለ፤ ልጁን ጌርሳም ሲለው እንግዳነቱን በስሙ ውስጥ አስቀመጠ (ዘጸ. 2)። ጢሞቴዎስ አባቱ የግሪክ ሰው፣ እናቱ አይሁዳዊት ነበሩ (ሐዋ. 16፥1)። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘንግተው ነበር። ሐዋርያት «ቋንቋችንን ተማሩ» ብለው አልመለሷቸውም፤ ኃላፊነት የሚወስዱ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ።

ማኅበሩ ምን ይሠራል?

በዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማኅበር ሊጀምሩ የሚያስቡ ተማሪዎች ቢኖሩ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። በሳምንት አንድ ጊዜ አብሮ መብላት፣ እያንዳንዱ ታሪኩን የሚናገርበት ጊዜ፣ አዲስ ገቢዎችን የሚቀበል አንድ ቀደምት ተማሪ ይበቃል። በኢትዮጵያም ውስጥ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ተመድበው ቋንቋውን በማያውቁት ከተማ ለሚማሩ ልጆች ይህ ይጠቅማል። በግቢዎቹ ያሉት የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረቶችም ለዚህ በር ሊከፍቱ ይችላሉ።

ዴቪድ ፖሎክ ስፍራ ለሚለቅ ሰው አራት ነገሮችን ይመክር ነበር። እነርሱም፦

1. ከተጣሉት ሰው ጋር መታረቅ፤
2. ውለታ የዋለን ሰው ማመስገን፤
3. ሰውንም ቦታንም በወጉ መሰናበት፤
4. ስለሚሄዱበት ቦታ አስቀድሞ ማሰብ።

ሦስተኛውን ቀላል አድርገው አይዩት። በ2024 የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ ያደጉበትን ደጃፍ ሳይሰናበቱ የሄዱ ልጆች አሉ። ከአገር ሳይወጡም እንግዳ መሆን አለና እነርሱንም ያስቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ማኅበሩ መጠለያ እንጂ ምሽግ አይሁን። ሌላውን ተማሪ «አይገባውም» እያሉ በር መዝጋት ከጀመሩ፣ ሸሽተው የመጡትን ነገር ራሳቸው በሌላው ላይ እያደረጉት ነው።

ለወላጆችና ለቤተ ክርስቲያን

ውድ አንባቢ፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። «ሀገርህ የት ነው?» በሚለው ፈንታ «የት የት አደግህ? ምን ይናፍቅሃል?» ብለው ይጠይቁ። በቋንቋው አይሳቁ። በአምልኮ ጊዜ አንዱን ንባብ በሚችለው ቋንቋ እንዲያነብ ይጋብዙት። ወላጅ ከሆኑ ቋንቋዎን በፍቅር ያስተምሩ፤ ነገር ግን የልጅዎን እምነት በአማርኛው አይመዝኑ። ጢሞቴዎስ የተመሰገነው በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ስለነበረው እምነት ነው (2ጢሞ. 1፥5)።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከጌታ ጋር ተጣልተው ላይሆን ይችላል፤ ቦታ አጥተው እንጂ። በሚቀጥለው እሑድ ከኋላ ወንበር ያለውን ወጣት ሲያዩ፣ ሄደው አጠገቡ ይቀመጡ። የሐኪም ወርቅነህ አያት እንዳደረጉት፣ ከሁሉ አስቀድመው «ልጄ» ይበሉት።

ጌታ ይባርክዎ!