እሳት ያለፈበት ፎቶግራፍ

ረከቦት ላይ ከተደረደሩት ሲኒዎች አንዱን አንሡና ወደ ብርሃን አዙሩት። ሆዱ ላይ ያለችው ቀይ አበባ በብሩሽ የተሳለች ትመስላለች። ግን በሲኒዎቹ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ናት፤ የቅጠሏ መታጠፊያ እንኳ አይለይም። ጥፍር ሲሄድባት ከነጩ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ማለቷ ይታወቃል። ሠዓሊ አልነካትም፤ ታትማ፣ ተለጥፋ፣ በእሳት የተጠበሰች ናት።

አሁን በአበባዋ ቦታ የአያታችሁን ፎቶግራፍ አስቡ። ከቁራሌው ከረጢት ደግሞ ዝገት የበላው ቁልፍ፣ የሰዓት ጥርስና የሳህን ስባሪ አውጡና ጨምሩበት። ሸክላን ከፎቶግራፍና ከውዳቂ ዕቃ ጋር የሚያጋባው የሥነ ጥበብ ዘርፍ ይኸው ነው። ሲያወሩት ይቀላል። ሲሠሩት ግን መሐል ላይ እሳት አለ፤ እሳት ደግሞ ሦስቱን እኩል አያስተናግድም።

ፎቶግራፉ እንዴት ይተርፋል?

ወረቀት ላይ የታተመ ተራ ፎቶግራፍ እቶን ቢገባ ሸክላው በቅጡ ሳይግል አመድ ይሆናል። ስለዚህ ምስሉ አስቀድሞ ወደ ማዕድን መለወጥ አለበት። ኮባልት ሰማያዊ፣ ክሮም አረንጓዴ፣ የብረት ኦክሳይድ ቡናማ ይሰጣል። እነዚህ ቀለሞች በቶሎ ከሚቀልጥ የመስታወት ዱቄት ጋር ተዋሕደው ዲካል በሚባል ወረቀት ላይ ይታተማሉ። ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ምስሉ ከነስስ ሽፋኑ እየተንሸራተተ ይላቀቃል። ያን ጊዜ፣ አስቀድሞ ተጠብሶ እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ልባስ በተሸፈነ ሸክላ ላይ ያነጥፉታል። ከሥሩ የቀረውን ውሃና አየር በስፖንጅ ገፍተው ያወጣሉ፤ አንዲት የአየር አረፋ ከተረሳች እሳቱ ላይ ፈንድታ ፎቶው ላይ ቀዳዳ ትተዋለች። ከዚያ እንደገና ወደ እቶን። ሙቀቱ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሽፋኑ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ የላዩ ልባስ ይለሰልሳል፣ ማዕድኑም ተጣብቆ ይቀራል።

አቋራጭም አለ። የአንዳንድ ሌዘር ማተሚያዎች ጥቁር ቶነር የብረት ኦክሳይድ አለበት። ዲካል ወረቀት ላይ በቢሮ ማተሚያ የታተመ ፎቶ ሲተኮስ የቶነሩ ፕላስቲክ ይነድዳል፣ ብረቱ ይቀራል። ጥቁር ሆኖ የገባው ምስል ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ትናንት የተነሣ ሰው የዛሬ መቶ ዓመት የነበረ ይመስላል። እርጅናው የዘመን ሳይሆን የዝገት ቀለም ነው።

የታተመ ሥዕልን ወደ ሸክላ ማሻገር ከፎቶግራፍ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1756 በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል፣ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የግድግዳ ሸክላዎችን ማተማቸውን በመሐላ አረጋግጠዋል። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም በተዋወቀ በ15 ዓመቱ፣ በ1854፣ ፈረንሳዊው ላፎን ደ ካማርሳክ ፎቶግራፍን በእሳት የሚያጸና ዘዴ አስመዘገበ። ሙያው ሰፊ ገበያ ያገኘው መቃብር ላይ ነው፦ ዝናብና ፀሐይ የማያደበዝዙት የሟች ፊት በእንቁላል ቅርጽ ሸክላ ላይ ተተኩሶ ሐውልት ላይ ይተከላል።

ውዳቂውስ?

የመርካቶውን የምን አለሽ ተራ ሀብት ለሚያውቅ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከኤሌክትሮኒክስ ጥራጊ የሚሠራቸውን ሰፋፊ ሥራዎችም ላየ፣ ውዳቂ ጥበብ መሆኑ አይገርመውም። ጭቃ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ አለው። ጭቃ ደርቆ እስኪተኮስ ድረስ ከመጠኑ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሊኮማተር ይችላል፤ የተሰካበት ምስማር ግን አይኮማተርም። ጭቃው ምስማሩን ሲያጠብቅ፣ ሲያጠብቅ በመጨረሻ ራሱ ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ፣ መዳብ 1,085 ላይ ይቀልጣሉ፤ ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ሸክላ ግን ከ1,200 በላይ ይጠይቃል። ጠርሙስ እዚያ ሳይደርስ ኩሬ ሆኗል።

ባለሙያው ታዲያ ሦስት መንገድ አለው። ዕቃውን እርጥብ ጭቃ ላይ ተጭኖ ያነሣና አሻራውን ብቻ ያስቀራል። ወይም ዳንቴል በቀጭን ጭቃ ነክሮ ይተኩሳል፤ ክሩ ይነድዳል፣ የክሩ ጥልፍልፍ ሸክላ ሆኖ ይቆማል። አለበለዚያ እሳቱን ያሳልፍና በመጨረሻ በሙጫና በሽቦ ያያይዛል።

አሜሪካዊው ሀዋርድ ኮትለር አራተኛ መንገድ መረጠ፦ ሸክላውንም ሥዕሉንም ከገበያ መግዛት። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ፣ ያለቀለት ነጭ ሳህንና ለጌጥ የሚሸጥ ዲካል እየገዛ፣ ምስሉን በመቀስ እየቆራረጠ ይለጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በሠራው ሥራ «አሜሪካን ጎቲክ» የተባለውን የግራንት ውድን ዝነኛ ሥዕል ወስዶ፣ የሴትዮዋን ፊት በገበሬው ፊት ተካው። ሁለት አንድ ዓይነት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በቀሚስ፣ ከሳህኑ ላይ ያፈጡብናል።

ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ደግሞ ወደ ጃፓን ሄደ። ሞቶ ቆዳው የተሞላ ፍየል በመኪና ጎማ ውስጥ አስገብቶ ያቆመው ይህ ሰው፣ በ1982 ሺጋራኪ በተባለችው ጥንታዊ የሸክላ ከተማ በኦትሱካ ኦሚ ፋብሪካ እየሠራ፣ በጃፓን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በትላልቅ ሸክላ ሰሌዳዎች ላይ አስተኮሰ። ሞና ሊዛንም ሸክላ ላይ አስገብቶ «የሳንባ ምች ሊዛ» ብሎ ቀለደባት። ያው ፋብሪካ በኋላ በ1998 ናሩቶ ላይ ለተከፈተው ሙዚየም ከ1,000 በላይ ዝነኛ ሥዕሎችን በሙሉ መጠናቸው ወደ ሸክላ ገልብጧል።

እንግሊዛዊው ፖል ስኮት ዘንድ ውዳቂው ዕቃ ራሱ ሸክላ ነው። ያረጁና የተሰበሩ ሰማያዊ ሳህኖችን ይሰበስባል፤ የጥንቱ የመስክና የወንዝ ሥዕል መሐል የዛሬውን ዓለም ይሰካበታል፤ ስንጥቁን አንዳንዴ በወርቅ ያደምቀዋል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ስንል እያዘንን ነው፤ ለስኮት ግን ገሉ ራሱ ማዕዱ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ፊት ስትቆሙ ብረቱን ተመልከቱ። ዙሪያው ከተሰነጠቀና ብረቱ ከጠቆረ፣ ከሸክላው ጋር እሳት ገብቷል፤ ካብለጨለጨ፣ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ፎቶውንም በጎን እዩት። ልባሱ ላይ ተቀምጧል ወይስ ውስጡ ሰጥሟል? እናቴ ቤት አንድ አሮጌ ሲኒ አለ፤ የወርቅ መስመሩ ከጠፋ ቆይቷል፣ አበባውም ግንዱ ብቻ ቀርቷል። እቶን ያልበገረውን ሥዕል የጨረሰው የየቀኑ እጥበት ነው። ሥራው እንዲቆይለት የሚፈልግ ባለሙያ ምስሉን ላዩ ላይ ትቶት የማይረካው፣ ሙቀቱን ከ1,000 ዲግሪ አሳልፎ ልባሱ ውስጥ የሚያሰምጠው ለዚህ ነው።