ቅቤ ወይስ እንጀራ? የአመጋገብ ክርክር በፊዚክስ ሚዛን

በፋኩልቲያችን ቤተ ሙከራ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ሚዛን በማስተካከል የተካኑ፣ የግራም ሽራፊ እንኳ የማያልፋቸው ሰው ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሯችን ጎራ ብለው፣ «ዶክተር፣ እንጀራና ዳቦ ከተውሁ አንድ ሳምንት ሞላኝ። የምበላው ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ብቻ ነው። ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሚዛኑን ራሴ ስላስተካከልሁት ስሕተት የለበትም» አሉን። እኛም፣ «ጋሼ፣ ሚዛኑስ እውነቱን ነው፤ ጥያቄው የቀነሰው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው» ብለን በቀልድ መለስንላቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እኒሁ ባለሙያ በሥራ ላይ ሳሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ። ስኳር የበዛበት ሻይ ከጠጡ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሱ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸውና በየቀኑ ኪኒን እንደሚወስዱ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው አጋጣሚ ነው። ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ ቅባትን የሚያበዛ አመጋገብ ክብደት የሚቀንሰው እንዴት ነው? ከሌሎች የአመጋገብ ስልቶችስ ይበልጣልን? ለተራው ጤነኛ ሰውስ ይበጃልን? እኛ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ስለ ኃይል፣ ስለ ክብደትና ስለ መለካት በመሆኑ፣ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለው ብለን እናምናለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ፣ በሙያው የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚ የነበረ ሰው፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ እንዴት እንደ ከሳ የሚተርክ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበረው ራስል ዋይልደር፣ ቅባት የበዛበትንና ካርቦሃይድሬት እጅግ ያነሰበትን ምግብ ለሚጥል በሽታ ሕክምና አቀረበ። ይህ ሕክምና መድኃኒት እምቢ ላላቸው ሕፃናት በሐኪም ክትትል እስከ ዛሬ ይሰጣል። ጉዳዩን ወደ ሕዝብ ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው የአሜሪካዊው ሐኪም የሮበርት አትኪንስ መጽሐፍ ነው።

ጥብቅ የሆነው የዚህ አመጋገብ ዓይነት በቀን ከ50 ግራም የማይበልጥ ካርቦሃይድሬት ብቻ ይፈቅዳል። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ይህን መጠን እንደሚያልፍ ስናስብ፣ ለእኛ አገር ሰው ምን ያህል ከባድ ለውጥ እንደ ሆነ እንረዳለን።

ምግብ እንደ ነዳጅ

ፈረንሳውያኑ ላቯዚዬና ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ክረምት አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ በሰውነቷ ሙቀት የቀለጠውን በረዶ መዘኑ። የትንፋሿንም ጋዝ ለክተው መተንፈስ ዘገምተኛ ቃጠሎ ነው ከሚል ድምዳሜ ደረሱ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ሰውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ተመሳሳይ ልኬት አካሄደ። ዛሬ በየምግብ እሽጉ ላይ የምናነበው ስሌት ከእርሱ ሥራ የመጣ ነው፦ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ።

ቅባት ከእጥፍ በላይ ኃይል የያዘው ለምንድን ነው? መልሱ በሞለኪውሉ ውስጥ ነው። ከግሉኮስ ክብደት 53 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን፣ ፓልሚቲክ አሲድ በተባለው የቅባት አሲድ ውስጥ ግን የኦክስጅን ድርሻ 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ግሉኮስን በከፊል ቀድሞ እንደ ተቃጠለ ነዳጅ ልንቆጥረው እንችላለን፤ ቅባት ግን ገና ያልተነካ ማገዶ ነው።

የሦስቱ ኪሎ ምሥጢር

አሁን ወደ ባለሙያችን ሚዛን እንመለስ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ያከማቻል። የቀነሱት ሦስት ኪሎ በሙሉ ስብ ቢሆን ኖሮ፣ በሳምንቱ ውስጥ ከምግብ ካገኙት በላይ 23,100 ኪሎ ካሎሪ ማቃጠል ነበረባቸው። ይህ በቀን 3,300 ማለት ነው። በእርሳቸው ዕድሜና ሥራ ያለ ሰው ግን በቀን የሚያወጣው ጠቅላላ ኃይል 2,300 ገደማ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል ባይቀምሱ እንኳ ሦስት ኪሎ ስብ ማቃጠል አይችሉም ነበር። ይህን የሚከለክለው የኃይል ዘላቂነት ሕግ ነው።

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነታችን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበት እስከ 100፣ በጡንቻ እስከ 400 ግራም የሚደርስ ካርቦሃይድሬት ያከማቻል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ ይህ ክምችት በጥቂት ቀናት ይመናመናል፤ ግማሽ ኪሎ ግላይኮጅን ከአንድ ኪሎ ተኩል ውሃ ጋር፣ በድምሩ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ክብደት ይሄዳል ማለት ነው። በተጨማሪም ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይበልጥ ያስወግዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙዎች ራስ ምታትና ድካም የሚሰማቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

የቀረው አንድ ኪሎ ስብ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም በቀን 1,100 ኪሎ ካሎሪ ጉድለት ይበቃል። ስቡስ ሲቃጠል ወዴት ይሄዳል? ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሰሉት፣ ከ10 ኪሎ ግራም ስብ 8.4 ኪሎ ግራሙ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በትንፋሽ፣ የቀረው 1.6 ኪሎ ግራም በውሃ መልክ ይወጣል። ስብ ቀልጦ በላብ ይወጣል የሚለው እምነት ስሕተት ነው።

አንጎል ያለ ግሉኮስ

አንጎላችን ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዕረፍት ላይ ስንሆን ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶውን ይወስዳል። በተለመደው ሁኔታ በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይጠቀማል። ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ጉበት ከቅባት ኪቶን የተባሉ ሞለኪውሎችን ሠርቶ ለአንጎል ምትክ ነዳጅ ያቀርባል። አሜሪካዊው ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለረጅም ጊዜ በጾሙ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ኪቶን የአንጎልን አብዛኛውን ፍላጎት ሊሸፍን እንደሚችል አሳይተዋል። ከኪቶኖቹ አንዱ አሴቶን በመሆኑ የትንፋሽ ሽታ ይለወጣል።

ይህ ሁኔታ በጤነኛ ሰው ላይ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ያለው ጥቂት ኢንሱሊን የኪቶኑን መጠን ይገድበዋልና። ኢንሱሊን በሌለበት ግን፣ በተለይ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች፣ ኪቶን ያለ ልጓም ጨምሮ ደምን አሲዳማ ያደርጋል፤ ይህም ሕይወትን ሊያሳጣ የሚችል አደጋ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

በአንድ ሰው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ማወዳደር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመው፣ በእስራኤል በ322 ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመታት በተካሄደ ሙከራ፣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 2.9፣ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ የተከተሉት 4.4፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 4.7 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት የ609 ሰዎች ጥናት ደግሞ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቅባት የቀነሱት 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ግራም ነበር የቀነሱት። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ መመዘኛ ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። በዚህ ጥናት ሁለቱም ወገኖች ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን እንዲቀንሱ፣ አትክልትንም እንዲያበዙ ተመክረው ነበር።

«ካርቦሃይድሬት ያስርባል፣ ቅባት ያጠግባል» ለሚለው አባባል የተሻለው ፈተና እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን በሆስፒታል አስቀምጠው፣ ሁለት ሳምንት ቅባቱ ያነሰ የዕፅዋት ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ የእንስሳት ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ቅባቱ ባነሰበት ወቅት በቀን 689 ኪሎ ካሎሪ ያነሰ በሉ። በሌላ በኩል በዚያው ወቅት ከምግብ በኋላ የሚታየው የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ለአንደኛው ወገን ብቻ ማጨብጨብ አይቻልም።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካርቦሃይድሬት መቀነስ ፈጣን ውጤት ሊያሳይ ቢችልም፣ ዓመት ሲሞላ ልዩነቱ እየጠበበ እንደሚሄድ ነው። ወሳኙ ሰውየው ስልቱን ይዞ መቆየቱ ነው።

የቅባቱ ዓይነት

ክብደት አንድ ነገር ነው፤ ልብ ሌላ ነገር ነው። ቅቤና ጮማ የሚበዛበት ማዕድ በብዙ ሰዎች ላይ ኤል ዲ ኤል የተባለውን፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ በጥቂቶች ላይ ጭማሪው እጅግ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ቅባት ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀኑን በ2,000 ኪሎ ካሎሪ ብናሰላው ይህ 22 ግራም ያህል ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ከዚህ ያልፋል።

እዚህ ላይ የኑሮን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። ቅቤና ሥጋ በተወደደበት አገር «ቅባት አብዙ» የሚለው ምክር በተግባር የረጋ ዘይት አብዙ ወደሚል ሊለወጥ ይችላል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት ነው። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት በዚህ ረገድ እጅግ የተሻሉ ናቸው።

የእኛ ማዕድ

ካርቦሃይድሬት ሁሉ አንድ ነው የሚለው ሐሳብ የክርክሩ ትልቁ ድክመት ይመስለናል። ከነገለባው ከተፈጨ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ በምስር ወጥ፣ በሽሮና በጎመን ሲበላ አሰርና ፕሮቲን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ግን ከስኳርና ከውሃ ብዙም አያልፍም። የጃፓን ኦኪናዋ ደሴት ነዋሪዎች በቀድሞው ዘመን ከዕለት ኃይላቸው አብዛኛውን ከስኳር ድንች ያገኙ ነበር፤ በረጅም ዕድሜያቸውም የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም እህል በሚበዛበት ምግብ ያደጉ ሲሆኑ፣ ሲደርሱ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በሽታው የተስፋፋው በአዲሱ አገር ኑሯቸው ነው። ከተለወጡት ነገሮች መካከል ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና የእግር ጉዞ መቀነስ ይገኙበታል።

ከዚህም ሌላ፣ በዓመት ከ180 ቀናት ባላነሰ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚጾም ምእመን በሞላበት አገር፣ በእንስሳት ቅባት ላይ የቆመ ስልት ዓመቱን ዘልቆ ይጸናል ማለት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ለማን ይበጃል?

ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች ካርቦሃይድሬትን መቀነስ የደም ስኳርን እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አለ፤ የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ መስክሯል። ነገር ግን አደጋውም እዚያው ነው። ባልደረባችን ይወስዱት የነበረው ግሊበንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ በማዕዱ ላይ እንጀራ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ምግቡ ተለውጦ ኪኒኑ ባለበት በመቀጠሉ የደማቸው ስኳር ከሚገባው በታች ወረደ። ኢንሱሊን የሚወጉም በተመሳሳይ አደጋ ላይ ናቸው። በመሆኑም የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እናት፣ ሐኪም ሳያማክሩ ይህን አመጋገብ ሊጀምሩ አይገባም።

ለተራው ጤነኛ ሰው የምንሰጠው መልስ ደግሞ ይህ ነው፦ ለጥቂት ወራት ቢሞክረው የሚጎዳ መሆኑ አልታየም፤ ከሌላው እንደሚበልጥም አልተረጋገጠም። ስኳርንና ለስላሳ መጠጥን መተው፣ ነጭ ዱቄትን መቀነስ፣ ጥራጥሬና አትክልትን ማብዛት ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስማሙበት ነው። ውድ ተማሪዎቻችንም «በሳምንት ሦስት ኪሎ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተለካው ምንድን ነው? ለምን ያህል ጊዜ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

ባለሙያችን ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው መድኃኒታቸው ተስተካከለላቸው። ዛሬ በአንድ ማዕድ ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር ይመገባሉ፤ ቅቤውንም ለበዓል አቆይተውታል። ወደ እንጀራቸው በተመለሱ በአራተኛው ቀን ሚዛን ላይ ወጥተው አንድ ኪሎ ተኩል ጨምረው አገኙት። ቢሯችን ድረስ መጥተው፣ «ዶክተር፣ አልደነገጥሁም፤ ውሃው ነው የተመለሰው» አሉን።