የእናት ደጅና የተማረ ልጅ፦ ስለ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»



በእኛ አካባቢ «አገርህ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ኢትዮጵያ» ብሎ አይመልስም። ፋርጣ፣ ፎገራ፣ እስቴ ይላል፤ ጠያቂው የአካባቢው ሰው ከሆነም ደብሩን ይጠራል። ይኸው ቃል ግን መንግሥትና ሰንደቅ ዓላማ ያለውን ታላቁን አገርም ይሰይማል። ዛሬ የምንነጋገርበት ፊልም የቆመው በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ነው።

«ጤዛ»ን የሠራው በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር የተወለደውና ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ ነው። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሽልማቶቹ ብዙ ተብሏልና ወደ ታሪኩ ልለፍ።

ጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ፣ ጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። የሚመለሰው አንድ እግሩን አጥቶና በቅዠት እየባነነ ነው። አዲስ አበባ በአብዮቱ ስም ጓደኛውን ነጥቃዋለች፤ ጀርመን ደግሞ በቆዳው ቀለም ምክንያት እግሩን አሳጥታዋለች። መንደሩም ቢሆን መጠለያ አልሆነም፦ ወጣቶች ከወታደር አፈሳ ሸሽተው በዋሻ ይደበቃሉ። ሐኪም የጠበቀችው እናት የተቀበለችው ለጠበል የሚወሰድ ልጅ ነው።

ብዙ ተመልካች ይህን የስደተኛ ናፍቆት አድርጎ ያነበዋል። እኔ ግን የዕዳ ታሪክ ይመስለኛል። በደጋው ገበሬ ቤት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከእረኝነትና ከእርሻ አንድ እጅ ይጎድላል፤ የእርሱን ሥራ ወንድሞቹና እኅቶቹ ይሸከማሉ። ማንም «መልስ» አይለውም፤ ነገር ግን ሁሉም ይጠብቃል። የቀድሞው የቆሎ ተማሪ ይህ ሸክም እንዲህ አልከበደውም ብል የምትቃወሙኝ አትጠፉም። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ተሰውሮ ነበር የሚወጣው፤ አኮፋዳውን ይዞ የሚለምነውም ከማያውቀው ሰው ደጅ ነው። ዕዳው ቢኖርም ለብዙ ደጆች ተበትኗል። የአንበርብር ዕዳ ግን በአንዲት እናት ደጅ ተከማችቷል።

እናቱ አንዲት ቃል እንኳ ሳትወቅሰው ይህ ዕዳ በፊቷ ላይ ይነበባል። በዚህ ረገድ ኃይሌ ከእናቲቱ ዝምታ ያገኘውን ያህል ከአንበርብር ረጃጅም የፖለቲካ ክርክሮች አላገኘም፤ የጀርመኑ ክፍል በመጠኑ ቢያጥር ፊልሙ አይጎዳም ነበር።

በፍጻሜው መንደሩ ያገለላት አዛኑ ትወልዳለች፤ አንበርብርም የመንደሩን ሕፃናት ማስተማር ይጀምራል። የተጠበቀው ሐኪም ነበር፤ የተገኘው መምህር ነው። ዕዳው በዚህ ተከፍሏል ወይስ ተለውጧል? ከእናንተ መካከል ከገጠር መጥታችሁ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁና ውይይቱን በእናንተ ብንጀምር እወዳለሁ።